እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ውሽንፍር የጎዳውን ቤት እንዴት መያዝ ይገባል?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሚዘልቅ፣ ቡሄም፣ የፍልሰታ ፍቺም፣ እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም በክረምቱ ውስጥ የሚውሉ በዓላት ናቸው። በጎጃም ደጋ ዶፉ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም፣ ጳጉሜን ስለገባች ብቻ ሰማዩ ወዲያው አይጠራም። ስለዚህ ጌሾ ተወቅጦ፣ ጋን ታጥኖ፣ እንግዳ በሚጠበቅበት ሰሞን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወይም በረዶ ወርዶ ቆርቆሮ ሲገነጥል፣ ግድግዳ ሲንድ፣ ጎርፍም በደጃፍ ሲገባ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ሰሞን ጉዳቱን የሚያባብሰው ግን ብዙ ጊዜ ችኮላው ነው። ቤቱ ለበዓል አምሮ ይታይ ሲባል በራሰ ግድግዳ ላይ አዲስ ጭቃ ይመረጋል፤ ምርጊቱም መስቀል ሳይደርስ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ከበዓሉ በፊት መሠራት ያለበት ሰውን ከአደጋ ማራቅና ውኃውን ማስቆም ብቻ ነው፤ እውነተኛው ጥገና አፈሩም እንጨቱም እስኪደርቅ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት ድረስ ይጠብቃል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል የሚከተል ነው።

ከሁሉ በፊት፤ መብረቅና የመብራት ሽቦ

ዝናቡ ስላባራ ብቻ ወደ ውጭ መውጣት አይገባም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ እየቆጠሩ ርቀቱን መገመት ይቻላል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለጳጉሜን 3 ያስፈልጋል፤ በሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች እየሮጡ ይጠመቁበታልና፣ ነጎድጓድ ካለ ግን በተቀዳ የዝናብ ውኃ ቤት ውስጥ ቢጠመቁ ይሻላል። በዛፍ ሥር፣ በተለይም በሜዳ ላይ ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይገባም።

በከተማና መብራት በገባበት ገጠር የሚበልጠው አደጋ የተበጠሰ ሽቦ ነው። ወደ ቤት የሚገባው መስመር በቆርቆሮው ላይ ከወደቀ ጣራው በሙሉ፣ ከጣራው ጋር የተያያዘው የብረት በርና አሸንዳም ጭምር ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲታይ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ልጆችንና ከብቶችን ማራቅ፣ ከዚያም በ905 ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መደወል ያስፈልጋል። ሽቦውን በደረቅ እንጨት ለማንሳት መሞከር እንደ ጀግንነት የሚታይበት ሰፈር አለ፤ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን የያዘው እንጨት ደረቅ መምሰሉ አያድነውም። በቡሄ ማታ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች በጨለማ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዘዋወሩ፣ ሽቦ የወደቀበትን መንገድ በግልጽ ከልሎ ሰው ማቆም የሰፈሩ ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ቤት ውስጥ ውኃ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ወደ ሶኬት ከወረደ፣ ቆጣሪው ያለበት ስፍራ ደረቅ ከሆነና ውኃ ሳይረግጡ መድረስ ከቻሉ ብቻ ብሬከሩን ያጥፉ። ካልቻሉ ቤቱን ለቀው ወጥተው ባለሙያ ይጠብቁ። የራሰ መስመር ደርቆ ሳይመረመር መብራቱን መልሶ ማብራት አይገባም።

በቤቱ ማደር ይቻላል?

ይህን ጥያቄ በቀን ብርሃን መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ከውጭ ዙሪያውን በመዞር ማዕዘኖቹን ይመልከቱ፤ በማዕዘን ላይ ከታች ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግድግዳው ከግድግዳ እየተላቀቀ መሆኑን ያሳያል። ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከመቃኑ ጋር የሚተሻሽ ከሆነ ቤቱ ዘሟል ማለት ነው። ክር ላይ ድንጋይ አስረው ከግድግዳው ራስ ቢያንጠለጥሉ ዝማሜው ወዴት እንደሆነ ይታያል፤ ቱንቢ ከሌለ ይኸው ይበቃል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የምሰሶውንና የቋሚዎቹን ሥር በብረት ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ብረቱ ያለችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ ነፋሱም ድካሙን ገለጠው እንጂ አዲስ አልፈጠረውም።

የዘመመ ግድግዳ በአግዳሚ እንጨት ሳይሆን በሰያፍ በተተከለ ጠንካራ ባሕር ዛፍ ይደገፋል፤ የድጋፉ እግር ወደ ኋላ እንዳይሸሽ መሬት ውስጥ በተቀበረ ችካል ይያዝ፤ ራሱም ጭቃውን ሳይሆን ቋሚውን ወይም በቋሚዎቹ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ይደግፍ። ይህ ድጋፍ ግድግዳው ወደ ሰው እንዳይወድቅ ጊዜ ይሰጣል እንጂ በግድግዳው ሥር ለመተኛት ዋስትና አይሆንም። ቤቱ የሚያጠራጥር ከሆነ በበዓሉ ዋዜማ ጎረቤት ዘንድ ማደር እንግዳን ባዶ እጅ ከመቀበል የባሰ ነውር አይደለም።

አፈሩም ልዩነት ያመጣል። በቢቸናና በደጀን አካባቢ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ክረምት ላይ የታየው ስንጥቅ በበጋ መልኩን ሊለውጥ ስለሚችል፣ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀን መጻፍና እየሰፋ መሆን አለመሆኑን መከታተል ያስፈልጋል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ያለው ቀይ አፈር ይህን ያህል ስለማያብጥ፣ እዚያ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው መሠረቱን የሸረሸረ ጎርፍ ነው።

ጣራው

በደጋው የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ጣራ ላይ የሚወጣው ጤዛው ደርቆ ደመናው ሳይጠቁር ባሉት የረፋድ ሰዓታት ነው። መሰላሉ ጭቃ ላይ እንዳይንሸራተት እግሩ ሥር ሳንቃ ይነጠፍለት፤ አንድ ሰውም ይዞት ይቁም። ጣራው ላይ የሚረገጠው የምስማሩ መስመር ነው፤ ከሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነውና። በሁለት ማገር መካከል ያለውን ባዶ ቆርቆሮ፣ በተለይም የዛገውን፣ የረገጠ ሰው ጣራውን ይዞ ይወርዳል።

ነፋስ ቆርቆሮን የሚገነጥለው ከመሐል ሳይሆን ከክፈፉ ወይም ከጣራው ጫፍ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተረፈው ቆርቆሮ ደህና ቢመስልም የዙሪያውን ምስማር አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አንዱ የላላ ምስማር በሚቀጥለው ነፋስ ሌሎቹን ያስነሳል። የተገነጠለውን መልሶ ለመምታት የቆርቆሮ ምስማሩ ከነጎማው በጉብታው ላይ ይመታል። በረባዳው ላይ ከተመታ ውኃው ሁሉ ወደዚያው ስለሚፈስ ቀዳዳው ማፍሰሱ አይቀርም። አሮጌውን ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በሲልከን ደፍኖ ምስማሩን ወደ አዲስ ቦታ ማዛወር ይሻላል። ጎን ለጎን ሲደራረብ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ፣ ላይና ታች ሲደራረብ ደግሞ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይደረብ፤ ከላይ የሚሆነው ቆርቆሮ ጠርዝም ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በክፈፉና በጫፉ መስመር ላይ ምስማር ከመሐሉ እጥፍ ቢሆን ትርፍ ወጪ አይባልም። ማገሩ ራሱ ከወራጁ ተላቅቆ ከሆነ ግን ቆርቆሮውን መምታት ከንቱ ድካም ነው፤ በመጀመሪያ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከቋሚው ጋር በሽቦ ተጠፍሮ ይታሰር።

አዲስ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውፍረቱ እንደሚቀንስ ይወቅ። ባለ 35 ከባለ 28 እጅግ የሳሳ ነው፤ በበዓል ገበያ ግርግር ርካሹን አንስቶ መሄድ በሚቀጥለው ዓመት ይኸንኑ ሥራ መድገም ነው። ገንዘቡ ለጊዜው ለጥሩው ካልበቃ ሸራ ገዝቶ እስከ ጥቅምት መቆየቱን እመርጣለሁ።

ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ሲለበስ የሚሠራው ስሕተት ቀዳዳው ላይ ብቻ መጣል ነው፤ ውኃው በላይኛው ጠርዝ ሥር ገብቶ ሸራው ከነጭራሹ ያልነበረ ያህል ይሆናል። ሸራው ከክፈፉ ተነሥቶ የጣራውን ጫፍ ተሻግሮ በሌላው ጎን ቢያንስ አንድ ሜትር መውረድ አለበት። ጠርዙ በቀጭን እንጨት ላይ ተጠቅልሎ እንጨቱ በምስማር ከማገሩ ጋር ይመታ፤ ላስቲኩ ለብቻው ከተመታ ነፋስ በምስማሩ ዙሪያ ይቀደዋል። ጣራ ላይ ድንጋይ መጫን በየሰፈሩ ቢታይም፣ ድንጋዩ በነፋስ ሲንከባለል የሚወርደው በሰው ራስ ላይ ነው። በምትኩ ሁለት ማዳበሪያ አፈር ሞልቶ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ አስሮ፣ ልክ እንደ አህያ ጭነት በጣራው ግራና ቀኝ ማንጠልጠል ይቻላል።

የሣር ክዳን ከተገለበጠ ጉዳዩ ሌላ ነው። በነሐሴና በመስከረም ሰንበሌጡ ገና እርጥብና ለጋ ስለሆነ ለክዳን አይሆንም፤ ቢከደንም ይበሰብሳል። ክዳኑን በገመድ ጨምቆ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ ወጥሮ እስከ ኅዳር ማቆየት ነው። ላስቲኩ ግን ወደ ምድጃው አቅጣጫ እንዳይወርድ ጥንቃቄ ያሻል።

በረዶ ከወረደ በኋላ አሸንዳው በበረዶና በቅጠል ተደፍኖ ውኃውን ወደ ግድግዳው ይመልሳል። በረዶው ሳይሟሟ ከመሰላል ላይ በእንጨት ቢጠረግ ቀላል ነው።

ግድግዳውና ልቅለቃው

የጭቃ ቤትን ከዝናቡ ይልቅ የሚጎዳው ከክፈፍ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው እግር የሚረጨው ውኃ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በቤቱ ላይኛ በኩል ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቦይ ይቆፈር፤ የተቆፈረውም አፈር ወደ ቤቱ በኩል ተከምሮ ይደልደል። በጠፈጠፉ መስመር ላይ ጠጠርና ድንጋይ ከተነጠፈ ርጭቱ ይቀንሳል። የቦዩ መውጫ ወደ ጎረቤት ጓሮ እንዳይሄድ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ በክረምት የተጀመረ የቦይ ጠብ በበጋ ሸንጎ ላይ ሲዳኝ የሚታይ ነው።

የወረደውን ምርጊት በተመለከተ፣ ልቅ የሆነውን ብቻ አራግፎ ማገሩ ንፋስ እንዲያገኝ ክፍቱን መተው ትክክል ነው። ለመመረግ መድረሱን ለማወቅ ከግድግዳው የጣት አንጓ ያህል ጠልቆ አፈር ይፋቅና በእጅ ይጨበጥ፤ ተጣብቆ ጉብ ካለ ገና ርጥብ ነው፤ ከተበተነ ደርሷል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግድግዳ ገልጦ መተው ለእመቤቲቱ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። መፍትሔው ንጹሕ ጆንያ ወይም ሰሌን ከግድግዳው ትንሽ አርቆ መስቀል ነው፤ አየር ያስገባል፣ ዓይንም ይጋርዳል። ወለሉን በእበት መለቅለቅ ወለሉ ከደረቀ ችግር የለበትም። በራሰ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሳል፣ ሲሚንቶውም ተላቅቆ በቁርጥራጭ ይወርዳል።

ቤትን ለማድረቅ ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮቶችን በፀሐይ ሰዓት መክፈት እንጂ ሌላ አቋራጭ የለም። በተለይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ሰው ይገድላል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጄኔሬተርም ቢሆን በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር አይነሣም።

እህሉ፣ ጠላውና ውኃው

ጎተራው ከራሰ እህሉ በዚያው ቀን ይውጣ፤ ቀጭን ተደርጎ ይሰጣ፤ ደመና ከሆነም ቤት ውስጥ እየተገላበጠ ንፋስ ያግኘው። የበቀለው ለብቅል ሊሆን ይችላል። የሻገተው ግን ለምንም አይሆንም። «የሻገተ በቆሎ ለጠላና ለአረቄ ይሁን» የሚለው ልማድ አደገኛ ነው፤ በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመፍላትና በመጋገር አይጠፋም። ለላም ቢሰጥም በወተቷ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። በርበሬም በዚሁ ይታያል፤ ከውስጡ የጠቆረና የሻገተ ዛላ ተለይቶ ይጣል።

ጎርፍ የገባበት ምንጭ ወይም ጉድጓድ፣ በተለይ መጸዳጃ ቤት በአቅራቢያው ተደርምሶ ከሆነ፣ ውኃው ሳይፈላ አይጠጣም። ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብለው ስለሚገኙ ውኃ እዚያ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ በቆላ አንድ ደቂቃ የሚበቃው በደጋው ሦስት ደቂቃ ሙሉ መንተክተክ አለበት። ለጠላ የሚሆነው ውኃም ከዚሁ ነው የሚቀዳው። ማገዶ ካነሰ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የውኃ ማከሚያ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ይቻላል፤ ድፍርስ ውኃ ግን አስቀድሞ በነጠላ ይጠለል።

መብራት ከጠፋ፣ በሩ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ምግብን አራት ሰዓት ያህል ያቆያል። ለበዓል የታረደው ሥጋ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ቶሎ ዘልዝሎ ቋንጣ ማድረግ ወይም በዚያው ቀን ወጡን ሠርቶ ለጎረቤት ማካፈል ነው።

ጉልበት፣ ገንዘብና እንግዳ

ነሐሴና መስከረም የአረም ወቅት ስለሆነ ደቦ መጥራት አይቀልም፤ ደቦው ከመጠራቱ በፊት እንጨቱ ተቆርጦ፣ ምስማሩ ተገዝቶ፣ ጭድና አፈሩ ተከማችቶ ቢጠብቅ የአንድ ረፋድ ጉልበት ብዙ ይሠራል። ጥገናው በበዓል ቀን ላይ ከወደቀ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌና አሮጊት ቤት ከራስ ቤት ማሳመሪያ ይቀድማል።

ወጪውን በተመለከተ የሚከብደውን እውነት መናገር ያሻል፦ ከቅርጫው ድርሻ መቅረት ወይም በጉን በዶሮ መለወጥ የስድስት ቆርቆሮ ምስማርና ሸራ ሊያወጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመጡ ልጆች ካሉ ጉዳቱ አይደበቃቸው፤ ስጦታ ይዘው ከሚመጡ ሸራ፣ ገመድና ባለ ጎማ ምስማር ቢያመጡ ይጠቅማል፤ የዓባይ በረሃው መንገድ በክረምት የመሬት መንሸራተት ስለሚያጋጥመውም በቀን ይጓዙ።

ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ጉዳቱ ከውስጥም ከውጭም በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ቀኑም ይጻፍ። ለቀበሌ የሚቀርብ ማመልከቻም፣ ለእድር የሚቀርብ ጥያቄም፣ ቤቱ ዋስትና ካለው ለኢንሹራንስ የሚሰጥ ማስታወቂያም ይህን ይፈልጋል። የይዞታ ደብተርና የቤት ካርታ ከራሰው ሳጥን ወጥተው በላስቲክ ተጠቅልለው ደረቅ ቦታ ይቀመጡ፤ የተጣበቁ ገጾች በኃይል አይላቀቁ፣ በጥላ ሥር ይድረቁ እንጂ።

ከመስቀል በኋላ

ክረምቱ ከወጣና ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ከመታው በኋላ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየጊዜው እየተረገጠና ውኃ እየተጨመረበት፣ ጭዱ እስኪለሰልስ ይቆይ፤ ከዚያም በስሱ ይመረግ፤ የመጀመሪያው ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ይደገም። የበሰበሰ ቋሚ የሚለወጠው አንድ በአንድ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሳይደገፍ ሁለት ቋሚ በአንድ ጊዜ አይነቀልም። በመጨረሻ ዓይን ወደ አጥሩ ይዙር፦ ቁመቱ ከቤቱ ጋር ካለው ርቀት የሚበልጥ ባሕር ዛፍ፣ ሥሩ በራሰ አፈር ውስጥ ሲላላ የሚወድቀው በጣራው ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ዛፍ በበጋ በገመድ ወደ ሜዳው ስቦ መጣል፣ ግንዱንም ልጦ በጥላ አድርቆ ለሚለወጠው ወራጅ ማስቀመጥ ይቻላል።